የትንሿ ከተማችን ማሞቂያ ከጎረቤት ከተማ መረብ ጋር ይገናኝ ወይስ ይቅር?

ዮናስ ዩትላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የምታውቁ ጊዜ ወስዳችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የምኖረው ዴንማርክ፣ ዩትላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው። ቤታችን የሚሞቀው በፊየርንቫርመ ነው። ለማታውቁት፦ ከተማው ዳር አንድ ጣቢያ አለ። ውሃ አሙቆ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ወደየቤቱ ይልካል። ቤቱ ሙቀቱን ይወስድና የቀዘቀዘውን ውሃ ይመልሳል። የድርጅቱ ባለቤቶች እኛው ተጠቃሚዎቹ ነን፤ እንደ ኅብረት ሥራ ማህበር ማለት ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ድምፅ እንሰጣለን።

ጣቢያችን የጋዝ ሞተርና የጋዝ ቦይለር አለው። አጠገቡ ሜዳ ላይ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢዎች ተተክለዋል። በጋ ላይ ፀሐይዋ ትበቃናለች። ክረምት ላይ ግን ያው ጋዝ ነው። በ2022 ጋዝ ሲወደድ የመጣው ቢል ሰው አስለቅሷል። አንዲት ጡረተኛ ጎረቤቴ የቀረውን ቤት ዘግታ አንድ ክፍል ውስጥ ከረመች።

አሁን ቦርዱ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። አጠገባችን ያለችው ትልቅ ከተማ የራሷ ሰፊ የማሞቂያ መረብ አላት። የፋብሪካ ትርፍ ሙቀት፣ ቆሻሻ ማቃጠያና አዲስ ትልቅ ሂት ፓምፕ (በመብራት እየሠራ ከአየር ወይም ከውሃ ሙቀት የሚቀዳ ማሽን) አላት። በቧንቧ እንያያዝ ነው የሚለው። ለቧንቧው ብድር እንገባለን። ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ነፃነታችንን ልንሸጥ ነው» ይላል። ገሚሱ «ከጋዝ ይገላግለናል» ይላል። እኔ ልቤ ወደ መያያዙ ያደላል፤ ግን በቂ እውቀት ሳይኖረኝ እጄን ማውጣት አልፈልግም።

ሙቀት ያን ያህል መንገድ ሲሄድ በመንገድ አያልቅም ወይ? የፀሐይ ሰብሳቢዎቻችንስ ምን ይሆናሉ?

በያጁ ስኮነ

ወንድሜ ዮናስ፣ እኔ ያለሁት ደቡብ ስዊድን ነው። እንጀራዬ የማሞቂያ ቧንቧ መበየድ ነው። ስለ ሂሳቡ ሌሎች ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ቧንቧው ልበል።

ይሆናል ወይ ለሚለው፣ በደንብ ይሆናል። እኛ ጋ ሄልሲንቦርግ፣ ላንድስክሮናና ሉንድ ድሮ የየራሳቸው መረብ ነበራቸው። ዛሬ ተያይዘዋል። ኤስለቭና ሎማም አብረው አሉ። ባለቤቶቹ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ ሙቀት ግን ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። አንዱ ጋ ቆሻሻ ማቃጠያ አለ፣ ሌላው ጋ እንጨት የሚያነድ ጣቢያ አለ። አንዱ ለጥገና ሲቆም ሌላው ይሸፍናል።

ቧንቧው ሦስት ንብርብር ነው። መሃሉ ብረት ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ፎም ይከበዋል። ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ ይለብሳል። ፎሙ ውስጥ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ተቀብረው ይመጣሉ። እነዚህ ሽቦዎች ጠባቂዎች ናቸው። ፎሙ ውስጥ እርጥበት ከገባ የሽቦው ንባብ ይቀየራል። መሬት ሳይቆፈር ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ በመሣሪያ ይለያል።

አደጋው ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ብረቱን በይደን ካስፈተሽን በኋላ ሙፍ የሚባለውን የፕላስቲክ እጅጌ ጎትተን እናለብሰዋለን። በሙቀት እናጣብቀዋለን። ከዚያ በትንሽ ቀዳዳ ፎም እንሞላዋለን። ይህን ሥራ ዝናብ እየዘነበ፣ ጉድጓዱ ጭቃ ሞልቶት የሠራ ሰው መርዝ ቀብሮ ነው የሚሄደው። ዛሬ አይታይም። ከዓመታት በኋላ ውሃ ያስገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ መንገድ ይቆፈራል። አንድ ሥራ ላይ አለቃ «ቶሎ ጨርሱ፣ አስፋልቱ ይጠበቃል» እያለ ሲያጣድፈን እምቢ ብለን ድንኳን እስኪመጣ ቆመናል። በዚያ ቀን የተሠራው መገጣጠሚያ እስካሁን ደረቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 100 ሜትር ቧንቧ በ80 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ለዚህ ነው መስመሩ አልፎ አልፎ እንደ «ዩ» ፊደል የሚታጠፈው። ዲዛይኑን የሚያይላችሁ ገለልተኛ ሰው ቅጠሩ፤ የሻጩን መሐንዲስ ብቻ አትመኑ። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

አስቴር ከፍራንክፈርት

እናንተ እድለኞች ናችሁ። ድምፅ መስጠት መቻላችሁ ራሱ! እዚህ ጀርመን ተከራይ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ ኔበንኮስተን፣ ማለትም ከኪራዩ በላይ የሚከፈለው የማሞቂያና የሌላ አገልግሎት ሂሳብ፣ ይመጣል፣ እከፍላለሁ፣ አለቀ። ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳኝ የለም። አሁን በሕግ እያንዳንዱ ከተማ የሙቀት እቅድ እንዲያወጣ ታዟል፤ ከ100,000 ሰው በላይ ያላቸው እስከ 2026 አጋማሽ፣ ትናንሾቹ እስከ 2028 አጋማሽ። ዮናስ፣ ጉባኤው እንዳያመልጥህ።

ሰላማዊት ኮፐንሀገን

ዮናስ፣ ሥራዬ እዚሁ ዘርፍ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

ዴንማርክ እዚህ የደረሰችው በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ያኔ አገሩ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ከውጭ በሚገባ ዘይት ነበር የሚያገኘው። በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ ወጣ። ማዘጋጃ ቤቶች የት አካባቢ በምን እንደሚሞቅ እንዲያቅዱ ተደረገ። በዚሁ ሥርዓት የሙቀት ድርጅት አትርፎ መብላት አይችልም። ዋጋው ወጪን መሸፈን ብቻ ነው ያለበት። የተረፈ ገንዘብ ካለ በዋጋ ቅናሽ ወደ ተጠቃሚው ይመለሳል። «ትልቁ ከተማ ይበላናል» ለሚሉት ጎረቤቶችህ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። ብዙ አገር የሌለ መከላከያ ነው።

ስለ መያያዝ ደግሞ ካንተ ብዙም ሳይርቅ ምሳሌ አለ። ኮልዲንግ፣ ቫይለ፣ ፍሬደሪሲያና ሚደልፋርት ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአንድ የሙቀት ማስተላለፊያ መስመር የተሳሰሩ ናቸው። የድርጅቱ ስም ቴቪስ ነው። ባለቤቶቹ ማዘጋጃ ቤቶቹ ናቸው። ፍሬደሪሲያ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ ድሮ ወደ አየርና ወደ ባሕር ይጥለው የነበረ ሙቀት አሁን የሰው ሳሎን ያሞቃል። ስኬርቤክ የሚገኘው የኃይል ጣቢያም በ2017 ከጋዝ ወደ እንጨት ዞሯል። አስተውል፤ የእነዚያ አራት ከተሞች ነዋሪዎች ቤታቸው ውስጥ አንድ ብሎን እንኳ አልቀየሩም። ምንጩ አንድ ቦታ ሲቀየር የሁሉም ተቀየረ። መያያዝን የምወደው ለዚህ ነው።

ኮፐንሀገን አካባቢ ሁለት የማስተላለፊያ ድርጅቶች አሉ፤ ሲቴአርና ቬክስ። ሁለቱም በ1984 ተቋቋሙ። ሲቴአር የአምስት ማዘጋጃ ቤቶች ነው። ቬክስ በምዕራብ በኩል ላሉት ይሸጣል። የየአካባቢው ትናንሽ ድርጅቶች አልጠፉም። የራሳቸው ቦርድ፣ የራሳቸው ቢል፣ የራሳቸው ስልክ አንሺ አላቸው። ከማስተላለፊያው ጅምላ ይገዛሉ። ቫርመላስት የሚባል የጋራ ክፍል ደግሞ በየሰዓቱ የትኛው ጣቢያ ይሥራ የሚለውን ያወጣል። ርካሹ ቅድሚያ ያገኛል። ነፋስ በርትቶ መብራት ሲረክስ ሂት ፓምፕና የኤሌክትሪክ ቦይለር ይነሳሉ። ነፋሱ ሲያርፍ መብራትም ሙቀትም የሚያመርቱት ጣቢያዎች ይበረታሉ።

ቧንቧዎቹ ሲገናኙ ውሃው አይቀላቀልም። መሃል ላይ ኤክስቼንጀር አለ። በአንዱ በኩል የትልቁ ከተማ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ያልፋል፣ በሌላው በኩል የእናንተ ውሃ። ሙቀቱ በቀጭን ብረት በኩል ይሻገራል። እዚያ በር ላይ ቆጣሪ አለ። የሁለቱ ድርጅቶች ድንበር ያ ቆጣሪ ነው፤ ንብረታችሁ የእናንተው ሆኖ ይቀራል።

ስለ ፀሐዩ ነገ እጽፍልሃለሁ። እሱ ትንሽ ከባድ ነው።

ቢኒያም ኦርሁስ

ሁሉም ነገር እንዲህ አልጋ በአልጋ አይደለም። እኔ የምቃወም ሰው ነኝ፣ ምክንያቴን ልናገር።

«ታዳሽ» ሲባል ምን ማለት ነው? ዴንማርክ የድንጋይ ከሰል ትታ የዞረችው በአብዛኛው ወደ እንጨት ነው። ያ እንጨት ሁሉ ከዴንማርክ ደን አይደለም የሚመጣው። በመርከብ ተጭኖ ከባልቲክ አገሮችና ከዚያም ከሩቅ ይመጣል። ዛፍ ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ለማቃጠል ግን አንድ ቀን። ቆሻሻ ማቃጠያውም ያው ነው፤ ከሚቃጠለው ውስጥ ፕላስቲክ አለ፣ ፕላስቲክ ነዳጅ ነው። ኮፐንሀገን ያለው አማየር ባከ የሚባለው ቆሻሻ ማቃጠያ ጣሪያው ላይ ስኪ ቢሠራበትም ጭስ ማውጫው ያው ጭስ ማውጫ ነው።

ሌላው ነገር ጥገኝነት ነው። ዛሬ ትልቁ ከተማ ሙቀት ይተርፈዋል። ነገ ፋብሪካው ቢዘጋስ? ቆሻሻው ቢቀንስስ? ዮናስና ጎረቤቶቹ የ30 ዓመት ብድር ተሸክመው ባዶ ቧንቧ ይዘው ይቀራሉ። በራሳቸው ሜዳ ላይ ሂት ፓምፕ ቢተክሉ አይሻልም?

ዮናስ ዩትላንድ

ቢኒያም፣ ይህን ነው የፈለግሁት፤ ጉባኤው ላይ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ሰላማዊት፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ጋሼ በያጁ፣ የሙፉን ነገር ለቦርዳችን ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

ብርሃኑ አዳማ

ከአገር ቤት ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። የምሠራው ጂኦተርማል፣ ማለትም የከርሰ ምድር ሙቀት ላይ ነው። ብዙዎቻችን በዘርፉ ያለን ኢትዮጵያውያን አይስላንድ ሄደን ሠልጥነናል። ሙቀት በመንገድ ያልቃል ወይ ለሚለው እዚያ ያየሁትን ልንገርህ።

ኔስያቬሊር ከሚባለው የእንፋሎት መስክ እስከ ሬይክያቪክ ድረስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘርግቷል። ከ1990 ጀምሮ ሙቅ ውሃ ይወርድበታል። ውሃው መንገድ ላይ የሚያጣው 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭው በረዶ ነው፣ ነፋሱ ያስለቅሳል፣ ውሃው ግን እንደነደደ ይደርሳል።

ምክንያቱ የቧንቧው ውፍረትና የውሃው ብዛት ነው። አንድ ድስት ሽሮ ከአንድ ሲኒ ቡና ዘግይቶ እንደሚቀዘቅዝ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ብክነት ያለው በከተሞች መሃል ባለው ወፍራም መስመር ላይ አይደለም። ወደየቤቱ በሚገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። በተለይ በጋ ላይ ሰው ለሻወር ብቻ ሲጠቀም ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ በመንገድ ይቀዘቅዛል።

እግረ መንገዴን፣ እኛ ስምጥ ሸለቆ ላይ የእንፋሎት ጉድጓድ ሲነሳ የሚታየን መብራት ብቻ ነው። ኬንያ ናይቫሻ አካባቢ የአበባ እርሻ ግሪንሃውሶቹን በጂኦተርማል ያሞቃል። እኛም አሉቶ ሥር፣ ባቱ ላይ፣ የአበባ እርሻ አለን። ሙቀቱን ራሱን እንደ ሸቀጥ ማየት ብንለምድ እላለሁ። ይህ ለሌላ ቀን ይሁን።

ሰላማዊት ኮፐንሀገን

ብርሃኑ በደንብ አስረዳው። በዴንማርክ በአማካይ ከሚላከው ሙቀት አንድ አምስተኛ ያህሉ በቧንቧ ይጠፋል፤ ትናንሽና የተበታተኑ መንደሮች ላይ ደግሞ ይብሳል። የማስተላለፊያው መስመር ድርሻ ከዚያ ውስጥ ትንሹ ነው።

አሁን ወደ ፀሐዩ። ዮናስ፣ ይህን አትኩረህ አንብብ፤ ቦርዶች የሚረሱት ይህን ነው።

የእናንተ ሰብሳቢዎች ብዙ የሚያመርቱት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ ትልቁ ከተማስ ምን አለው? ቆሻሻ ማቃጠያው በጋም ይነዳል፣ ቆሻሻ ዕረፍት አይወጣም። ፋብሪካውም ይሠራል። ማለትም እናንተ ሙቀት በተረፋችሁ ጊዜ እነሱም ተርፏቸዋል። ውሉ ላይ «በየወሩ ቢያንስ ይህን ያህል ትገዛላችሁ» የሚል ነገር ካለ፣ ከፍላችሁ የተከላችሁት የፀሐይ ሰብሳቢ ሥራ ፈትቶ የሌላ ሰው ቆሻሻ ሙቀት ትገዛላችሁ። መያያዝ እንዲህ አድርጎ የፀሐይን ዋጋ ሊገድል ይችላል።

መውጫው ማከማቻ ነው። ማርስታል የምትባል ኤሮ ደሴት ላይ ያለች ከተማ 75,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ የውሃ ጉድጓድ አላት። ቮየንስ ደግሞ 200,000 ሜትር ኩብ። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ በወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ላዩ ላይ ሙቀት የማያሳልፍ ክዳን ይንሳፈፋል። የበጋን ፀሐይ እስከ መኸር፣ አንዳንዴም እስከ ክረምቱ መግቢያ ያቆያል። ሲልከቦርግ ከ156,000 ካሬ ሜትር በላይ ሰብሳቢ ተክላ ከዓመት ፍጆታዋ አንድ አምስተኛ ገደማ ከፀሐይ እንድታገኝ ነው የታሰበው። ከዚያ በላይ መሄድ ያለ ትልቅ ማከማቻ ከባድ ነው።

ደስ የሚለኝ ግን ሆየ ቶስትሩፕ ላይ የተሠራው ነው። 70,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ዋና ዓላማው ግን በጋን ለክረምት ማቆየት አይደለም። የተያያዘው መረብ ውስጥ ስለሆነ በዓመት ደጋግሞ ይሞላል፣ ይፈሳል። መብራት ርካሽ ሲሆን ይሞላል፣ ሲወደድ ይለቃል። ጉድጓዱ አንዲት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያገለግለው የኮፐንሀገንን አካባቢ በሙሉ ነው። እናንተ ሰፊ ሜዳ አላችሁ። ትልቁ ከተማ ውስጥ ሜዳ ወርቅ ነው። ስለዚህ «ገዢዎች ነን» ብላችሁ ብቻ አትቅረቡ። «ማከማቻውን እኛ ጋ ትከሉ፣ እኛም ባለድርሻ እንሁን» በሏቸው። እኔ ብሆን ድርድሩን ከዚህ ነው የምጀምረው።

ቢኒያም፣ ስለ እንጨቱ ያልከው ትክክል ነው፤ አልከራከርህም። እንጨት እንደ መሸጋገሪያ ቢታይ ይሻላል። ግን ኤስቢየርግን ተመልከት። የድንጋይ ከሰል ጣቢያው ተዘግቶ በ2024 ከባሕር ውሃ ሙቀት የሚቀዳ 70 ሜጋ ዋት ሂት ፓምፕ ሥራ ጀመረ። ውስጡ የሚዞረው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኤስቢየርግንና ጎረቤቷን ቫርደን ነው የሚያሞቀው፤ 25,000 ቤት ያህል። ቫርደ ብቻዋን ብትሆን ባሕር አጠገብም አይደለችም፣ ያን ያህል ማሽን ለመግዛትም አቅም የላትም። በመያያዟ ግን የባሕሩ ሙቀት ቤቷ ድረስ መጣላት።

ቢኒያም ኦርሁስ

የኤስቢየርጉን እቀበላለሁ። ፋብሪካው ቢዘጋስ ለሚለው ግን መልስ አልሰጠሽኝም።

ናርዶስ ቫንታ

እኔ ልመልስ። የምኖረው ፊንላንድ፣ ቫንታ ነው። ሄልሲንኪ፣ ኤስፖና ቫንታ ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ መረቦቻቸው ግን ይገናኛሉ። ሄልሲንኪ ውስጥ ሃናሳሪ የሚባለው የከሰል ጣቢያ በ2023 ተዘጋ፣ ሳልሚሳሪ ደግሞ በ2025። ይህ ማለት ትልልቅ ምንጮች ጠፉ ማለት ነው። ማንም ግን ብርድ ላይ አልወደቀም። ሙቀት ከፍሳሽ ውሃ የሚቀዳ ሂት ፓምፕ አለ። ካትሪ ቫላ ይባላል፤ ከመናፈሻ ሥር፣ ድንጋይ ውስጥ ተቆፍሮ ነው የተሠራው። ከ2006 ጀምሮ ይሠራል። እኛ ቫንታም ከመሬት ሥር 90 ጊጋ ዋት ሰዓት ሙቀት የሚይዝ ዋሻ እየተቆፈረ ነው።

ለቢኒያም የምለው፣ ምንጭ መጥፋቱ አይቀርም። አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ከተማ ያ ምንጭ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ብዙ ምንጭ ያለው መረብ አንዱን ይተካል። ቧንቧው ምን ሙቀት እንደያዘ አይጠይቅም፤ ዛሬ የፋብሪካ፣ ነገ የዳታ ማዕከል።

ስለዚህ ዮናስ፣ የራሳችሁን ቦይለር አታፍርሱ። ተጠባባቂ አድርጋችሁ አቆዩት። የእናንተ ቦይለር ለእነሱም በጣም በሚበርድበት ሳምንት ዋጋ አለው። ለዚያ ዝግጁነት ክፍያ ጠይቁ።

እሙዬ ከዱባይ

እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ሕንፃችን የሚቀዘቅዘው ከአንድ ማዕከል በሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አሠራሩ ከምታወሩት ጋር አንድ ነው። የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቋሚ ክፍያውን እዩ። እኔ ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ፣ ቤቱ ተዘግቶ እያለ ቢሉ መጣ። አንብቤ ያልፈረምኩበት መስመር ላይ ነበር።

ዮናስ ዩትላንድ

እሙዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይሄ የኛንም ጡረተኞች ይመለከታል። ቋሚው ክፍያ ከፍ ካለ ቆጥቦ የሚኖረው ሰው ነው የሚጎዳው።

ቦርዱ ደግሞ «የሚመለሰው ውሃችን በጣም ሙቅ ነው፣ ትልቁ ከተማ ቅጣት ይጠይቀናል» ብሏል። ይህ ምን ማለት ነው?

በያጁ ስኮነ

ይህን እኔ ልመልስ፤ በየቤቱ የማየው ነገር ነው።

ውሃ በ80 ዲግሪ ሄዶ በ40 ቢመለስ አንድ ሜትር ኩብ 46 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ አድርሷል። በ60 ቢመለስ ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ነው ያደረሰው። ስለዚህ ለዚያው ሙቀት እጥፍ ውሃ መግፋት አለብህ። ፓምፑ ይደክማል፣ ቧንቧው ይጠባል። ሂት ፓምፕና ፀሐይ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲመለስላቸው ነው የሚወዱት። እኛ ጋ ሉንድ ውስጥ ብሩንስሆግ የሚባል አዲስ ሰፈር በ65 ዲግሪ ውሃ ብቻ ነው የሚሞቀው። ሙቀቱ ማክስ ፎር ከሚባለው የምርምር ማዕከል የተረፈ ነው። ቤቶቹ ከመጀመሪያው በደንብ ስለተሠሩ ይበቃቸዋል።

የኛ ሰው ቤት ስገባ የማየው ምንድን ነው? ሳሎን ያለው ራዲያተር እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ የሌላው ክፍል ተዘግቷል። ለመቆጠብ ብለው ነው። ግን አንዱ ብቻውን ሲለፋ ውሃው በፍጥነት ያልፍና እንደሞቀ ይመለሳል። እጅህን ራዲያተሩ ላይ አድርግ። ከላይ ትኩስ፣ ከታች ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ከታችም የሚፋጅ ከሆነ ቫልቩ ተበላሽቷል ወይም በጣም ተከፍቷል። ሁሉንም ራዲያተር በትንሹ ክፈቱ። ወጥ ሲሠራ መስኮት ስትከፍቱ ደግሞ መጀመሪያ የራዲያተሩን ቫልቭ ዝጉ። ብርዱ ቴርሞስታቱን ሲነካው «ቤቱ በረደ» ብሎ ሙሉ ለሙሉ ይከፍታል፤ ሙቀቱን ለመንገድ ነው የምትሰጡት።

ዴንማርክ ብዙ ድርጅቶች ውሃውን በደንብ አቀዝቅዞ ለሚመልስ ቅናሽ፣ ላላቀዘቀዘ ጭማሪ ያደርጋሉ። ቦርዳችሁ ለቧንቧው ከመበደሩ በፊት በየቤቱ ዞሮ የተበላሹ ቫልቮችን የሚቀይር አንድ ሠራተኛ ይቅጠር። ገንዘቡ ይመለሳል።

ዮናስ ዩትላንድ

የራሴን ራዲያተሮች አሁን ነካካሁ። የመኝታ ቤቱ ከታችም ይፋጃል። ጋሼ፣ ነገ ቫልቭ አስቀይራለሁ።

ከውሉ ረቂቅ ውስጥ ሁለት አንቀጽ ልጻፍላችሁ፣ የድርጅቶቹን ስም ትቼ። አንደኛው፦ «ሻጩ የሚልከውን ውሃ ሙቀት እንደ አስፈላጊነቱ ሊቀንስ ይችላል።» ሁለተኛው፦ «ገዢው ከሻጩ ውጪ ሌላ የሙቀት ምንጭ ለመትከል የሻጩን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል።»

ቢኒያም ኦርሁስ

ሁለተኛውን አትፈርሙ። በምንም መንገድ አትፈርሙ። መያያዙን ልቀበል እችላለሁ፤ ይህን ግን አልቀበልም። በራሳችሁ ሜዳ ላይ ሂት ፓምፕ ለመትከል የሰው ፈቃድ?

ሰላማዊት ኮፐንሀገን

እዚህ ላይ ከቢኒያም ጋር ነኝ። እነሱ የሚፈሩት ቧንቧ ከተዘረጋ በኋላ ገዢ እንዳይቀንስ ነው፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። መፍትሔው ለቧንቧው ብድር የሚሆን ቋሚ ክፍያ በግልጽ መስማማት ነው። ያ ከተከፈለ በኋላ ሙቀቱን ከማን እንደምታገኙ የእናንተ ጉዳይ መሆን አለበት። ፀሐያችሁ በጋ ላይ ቅድሚያ እንዲኖራት በጽሑፍ ይግባ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ግን መጥፎ አይደለም። ወደፊት የሙቀቱ መጠን መውረዱ ለሁላችሁም ይጠቅማል። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ነው ችግሩ። በኤክስቼንጀሩ በር ላይ በክረምት ከስንት ዲግሪ በታች እንደማይወርድ ቁጥሩን አስገቡ። ለመቀነስ ካሰቡም ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድመው ያሳውቁ፤ ጋሼ በያጁ ያሉትን የቫልቭ ሥራ የምትጨርሱበት ጊዜ ይሆናችኋል።

ጉባኤው መቼ ነው?

ዮናስ ዩትላንድ

በሚቀጥለው ወር። ረቂቁ እስከዚያ ሊሻሻል ይችላል ተብሏል። የሁለታችሁን ማስተካከያ ዛሬ ማታ በዴንማርክኛ ጽፌ ለቦርዱ ሰብሳቢ እልካለሁ። የማከማቻውን ሐሳብም ጨምሬዋለሁ፤ ከጣቢያው ጀርባ ያለው የገብስ ማሳ የማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ቢኒያም ኦርሁስ

ለኔም ላክልኝ። ዴንማርክኛውን አይልሃለሁ።